አሥራ አንድ ጊዜ አባዬ

ሰኞ፣ ዘጠኝ ሳምንት ሲቀር

ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ ዓይኔን ላለማየት መስኮቱን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩ። የመራመጃ ክፍሉ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ጥቅሙን በመረጃ ካላሳየ ይዘጋና የካርድ ማከማቻ ይሆናል። መደርደሪያዎቹ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል እኮ! ስንት ቀን አልፌያቸው ስሄድ የማን ናቸው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ክፍሉ ምን አለው? ወለሉ ላይ የተለጠፈ ዐሥር ሜትር ነጭ ፕላስተር፣ ግድግዳ የሞላ መስታወት፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ ክንድ ያለው ወንበር፣ እኔና የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓቴ። ስትሮክ የመታው ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ ዐሥሩን ሜትር ይሄዳል፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት እጽፋለሁ። በቃ። በድሮው መንገድ፣ አልጋ ላይ እግር እያነሱ ብቻ የታከሙ የአርባ ሁለት ሰዎች ሰከንድ መዝገብ ላይ አለኝ። በእኔ መንገድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ቆመው እየተራመዱ የሚሠሩት ግን አምስት ናቸው፦ ሹፌሩ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ "ይቅርታ" የምንለው ሰውዬ (ከታመመ ወዲህ አፉ ላይ የቀረችው ቃል እሷ ብቻ ናት)፣ እና አባዬ።

"ቦክስፕሎት ይዘሽ ነይ" አሉኝ ኃላፊው ሲወጡ። "ኮሚቴው ሥዕል ይወዳል።"

አባዬ ዛሬ 14.2። አምና በቃሬዛ የመጣ ሰው! ክፍሉ ከተዘጋ የት ሊራመድ ነው? አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ? እህቴ የስፌት መኪናዋን ከዘረጋች ድመት እንኳ መዞሪያ የላትም።

ረቡዕ

የድሮ የሥልጠና ደብተሬን ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። ከሁለት ዓመት በፊት የስታቲስቲክስ መምህሩ R (አር) የሚባለውን ፕሮግራም ሲያስተምሩን የጻፍኩት ነው። ቦክስፕሎት ማለት ይላል፦ ሰዎቹን ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው ታሰልፋለህ፤ ሰልፉ መሃል ላይ የቆመው ሰው ወፍራሟ መስመር ናት፤ በሱ ዙሪያ ያለው ግማሹ ሕዝብ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ወደ ላይና ወደ ታች በቀጭን መስመር ይወጣል። መምህሩ ጢም ነበር የሚሉት። ከሁሉ ርቆ የሄደ ካለ ለብቻው ነጥብ ይሆናል። ከታች ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፦ "በጥቂት ሰው ሳጥን አትሥሩ። ሳጥን ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ አይናገርም።"

የሆነው ይሁን ብዬ የአምስቱን ሠራሁት። ወጣ! ከአርባ ሁለቱ ሳጥን ጎን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኩራቱም ያው፣ ስፋቱም ያው። አምስት ቁጥር ኮት ለብሶ። አየሁት፣ ደስ አለኝ፣ ወዲያው አፈርኩ። ላም አለኝ በሰማይ።

አባዬ የፕሮግራሙን ስም ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ሌላ ስም አጡለት?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እህቴም መኪናዋን አቁማ ሳቀች። ቤታችን እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው።

ማክሰኞ፣ ስምንት ሳምንት

ከካርድ ክፍል የአሥራ ዘጠኝ የስትሮክ ታማሚዎች ስልክ ቁጥር አወጣሁ። ሁሉም ጋ ደወልኩ። ሦስቱ አርፈዋል። አምስቱ አያነሱም። አንዷ ሴትዮ "ባሌን በዚህ ዝናብ ማን ተሸክሞ ያምጣልሽ፣ አንቺ ትመጫለሽ?" አለችኝ። ሌላው ሊፍቱ ተሠራ ወይ አለ። አልተሠራም አልኩ። ዘጋው። ከሁሉ አንድ ሰው እመጣለሁ አለኝ፣ እሱም አልመጣም።

መምህሩ ጋ ደወልኩ። አስታወሱኝ፤ "ከኋላ ተቀምጠሽ ብዙ የምትጠይቂው" አሉኝ።

"ስንት ሰው አለሽ?"

"አምስት።"

"እንግዲያ አምስት ነጥብ አስቀምጪና እውነቱን ተናገሪ።"

"ሳጥን ነው የፈለጉት፣ መምህር።"

"ሳጥን ከፈለጉ ሰው ያምጡልሽ። ሃያ ያህል ሰው ካለሽ ተመልሰሽ ደውዪልኝ።"

ሃያ! እንደው በአፍ ሲሉት ቀላል ነው።

አባዬ 13.8። በታሪኩ ፈጣኑ። መስታወቱ ውስጥ ራሱን አይቶ ኮፍያውን አነሳለት።

ሐሙስ፣ ሰባት ሳምንት። አውቶቡስ ውስጥ።

መጣልኝ! ለምን አንድ ሰው አንዴ ብቻ ይለካል? እያንዳንዱ ጉዞ እኮ ራሱን የቻለ ልክ ነው። ሰኞ የሄደው ሹፌር ረቡዕ ሲሄድ ሌላ ሰከንድ ነው የሚያመጣው። እያንዳንዱን በየራሱ ረድፍ ብጽፈው አምስት ሰው አምስት ጊዜ ሃያ አምስት ይሆናል። አባዬ ደግሞ ከእኔ ጋር ስለሚመጣ ከዚያም በላይ መሄድ ይችላል። R መች ስም ይጠይቃል፤ የሚፈልገው ቁጥር ነው።

ከዚህ በፊት ያልታየኝ ምን ሆኜ ነው?

ዓርብ

ሐሳቤን ለአባዬ ነገርኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመት መሬት የቀየሰ ሰው ነው፤ ስለ ልክ ሲወራ ጆሮው ይቆማል። ሻዩን አስቀመጠና፣ "አንዱን መስመር ሠላሳ ጊዜ ብትለኪው የመስመሩን ርዝመት አጥርተሽ ታውቂያለሽ። ሠላሳ መስመር ግን አይሆንልሽም፣ የኔ ልጅ" አለኝ።

"ይሄ መሬት አይደለም፣ አባዬ።"

"እሱስ አይደለም።" ሻዩን መልሶ አነሳና፣ "ካስፈለገሽ ግን እኔ እሄዳለሁ። ስንት ጊዜ ልሂድልሽ?" አለ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ 14.0።

እሑድ

ትናንት እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አባዬ ብቻውን ደረጃ ወርዶ ነበር። ክርኑ ተልጧል። "ግድግዳው ነው የነካኝ" ይላል። እህቴ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስትታገል ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። ደረጃው ላይ አምፖል የለም፤ ስንት ጊዜ ተናገርኩ። በአልኮል ጠረግሁለት። ሌላ የሚያመው እንደሌለ ጠየቅሁት። የለም አለ።

ረቡዕ፣ ስድስት ሳምንት

14.9። ወለሉን ትናንት ሰም ቀብተውታል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል።

ሹፌሩ 18፤ ባለፈው ሳምንት 19 ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ በድፍን 11 እየገባች ነው፤ "የዱቄት ጆንያ ልሸከም?" ትላለች።

ዓርብ። ችኮላ።

አባዬ 15.1። ረድፍ አሥራ ሦስት ደረሰ። ነገ ጸጉር አስተካካዩን ሁለቴ።

ማክሰኞ፣ አምስት ሳምንት

16.3። ጫማው ነው፤ ሶሉ ተቆርጧል። አዲስ እስኪገዛለት ድረስ በሸራው ይሂድ።

እህቴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከአክስታችን ጋር በስልክ ታወራ ነበር። በሩ አይዘጋም። "ሲተኛ ነው የሚውለው፣ እቴ። ራሴን ራሴን ይላል። እሷ? እሷማ ሰዓቷን ይዛ አለች" ስትል ሰማኋት። ስትወጣ "ምን ማለትሽ ነው?" አልኳት። "ምንም" አለች።

ምንም። ቀን እሷ ናት አብራው የምትውለው። የምትለው ካላት በአፏ አትናገርም? ቅያሜ ነው፤ ከእኔ ጋር ስለሚወጣ ቅር ብሏታል። በዚህ ቤት ሁሉም ሰው ድካም አለበት፣ እኔን ማን "ተኚ" ይለኛል።

ቅዳሜ

16.0። ይኸው ተሻሽሏል!

ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፉ ሲነሳ "እናትሽ ገባች?" አለኝ። እማዬ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ሕልም ተደባልቆበት ነው፤ ወዲያው "አይ፣ አይ" ብሎ እጁን አወናጨፈ። ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛብቶ ቆልፎ ስለነበር አስተካከልኩለት።

እዚህ ላይ መጻፍም አልነበረብኝም።

ሐሙስ፣ አራት ሳምንት

17.8። ከሰዓት በኋላ መለካት አይሆንም፤ ከምሳ በኋላ እግሩን ይጎትታል። ከእንግዲህ በጠዋት ብቻ። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው።

መነሳት አልፈለገም ነበር። ወንበሩ ክንድ ላይ እጁን አድርጎ ቆየ። "አንዴ ብቻ፣ አባዬ። ለኔ ስትል" አልኩት። ለኔ ስትል! እንዴት ያለ አፍ ነው ያለኝ። ተነሳ። ሰባተኛው ሜትር ላይ ግድግዳውን ያዘ። ግድግዳ መያዝ ልኩን ያበላሻል አላልኩም፤ ጻፍኩት።

ሲስተር፣ ከጎን ክፍል ያለችው ነርስ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችን። "ሰውዬውን እስኪያልቅ ልትለኪው ነው?" አለች። ቀልዷ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ሦስት ሳምንት

ሃያ ስድስት ረድፍ። ሣልኩት። ምን ያለ ሳጥን! ከድሮው ሳጥን ዝቅ ብሎ፣ ወፍራሟ መስመር 16 ላይ፤ የድሮዎቹ 21። ኃላፊው ጠረጴዛዬን መቱት። "ይሄ ነው! ይሄንን ነው የምልሽ!" አሉ። "ስንት ሰው ነው?" ብለው አልጠየቁም። እኔም አልተናገርኩም። ማንም ካልጠየቀ ውሸት አይባልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ትል ነበር እማዬ ብትኖር።

የላይኛው ጢም ግን በየሳምንቱ ይረዝማል። ሲስተር "ሳጥንሽ ጎረመሰ" አለችኝ።

አባዬ 18.5። ዝናብ ነው። መገጣጠሚያ በዝናብ ያስቸግራል።

ማክሰኞ፣ ሁለት ሳምንት

20.1። ዳቦ ጋጋሪዋ ከወንበሯ "አባባ ዛሬ ከፋቸው" አለች። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" አለ ሰውዬው፣ ጣቱን ወደ አባዬ እየጠቆመ። "ይቅርታ!" ብሎ ጮኸ። ምን ሊለኝ እንደፈለገ እግዜር ይወቅ። ውሃ ሰጠሁት፤ ኩባያውን ገፋው።

ዓርብ

26.4።

26.4 ልክ አይደለም። መሃል ላይ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ የረሳ መሰለኝ። "ቀጥል፣ አባዬ" አልኩ። ቀጠለ። የመጨረሻው ረድፍ፣ ሠላሳ አንደኛው ነው፤ ሃያው የአራቱ፣ አሥራ አንዱ የአባዬ።

R ላይ ከሳጥኑ ርቆ፣ ከጢሙም በላይ፣ ለብቻው አንዲት ክብ ነጥብ ሆነ። ነጥቦችን አትሣል የሚል ትእዛዝ አለ። ቁጥሩን አያጠፋም፤ ከሥዕሉ ብቻ ነው የሚደብቀው። ጻፍኩት። ነጥቧ ጠፋች። ሥዕሉ ንጹሕ ሆነ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ሰኞ፣ የመጨረሻው ሳምንት። ሆስፒታል፣ የምርመራ ክፍል በር ላይ።

ካልጻፍኩ እጮኻለሁ።

ጠዋት ሥዕሉን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ምርቃት ፍለጋ ነው፣ ሌላ ምን ልበለው። ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ስቆም "መምህሩ አይተውታል" ማለት አማረኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

"ቆንጆ ነው። ስንት ሰው ነው?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ከአምስት ወደ ሠላሳ አንድ? በዚህ ዝናብ?" መነጽሩን አወረዱት። "ሰው ነው ያልኩሽ፣ ልጄ።"

መዝገቡን አስከፈቱኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች አዩና፣ "ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበራቸውን ለቀው እኔን አስቀመጡኝና፣ "ሳጥን ቀን አያውቅም። ሰኞንና ዓርብን አንድ ላይ ነው የሚከተው፤ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ ይጠፋል። በይ እስቲ የእያንዳንዱን ሰው በየቀኑ፣ ለየብቻው መስመር አድርገሽ ሣዪው። ሠላሳ አንድ ልክ ለዚህ ይበቃል" አሉኝ።

ሣልኩ። አምስት መስመር ወጣ። አራቱ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው፤ ሰከንዱ እየቀነሰ፣ ሰዎቹ እየፈጠኑ። አምስተኛው ሦስት ነጥብ ድረስ ረጋ ብሎ ሄዶ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። የደበቅኋት ነጥብም ጫፉ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ የሚደብቃት ትእዛዝ አልጻፍኩም ነበር።

"ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው?" አሉ መምህሩ።

"አባቴ ነው" አልኩ። የተጠየቅሁት እሱን አልነበረም።

የሌላ ሰው አባት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቁጥር ሐኪም ጋ እልከው ነበር። ሥራዬ ነው እኮ! አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ! ሰም፣ ጫማ፣ ዝናብ፣ ምሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ ዓይንም የለኝ።

እዚያው ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ። "ያን ቅዳሜ ምን ሆነ?" አልኳት። የቱ ቅዳሜ አላለችም። ማልቀስ ጀመረች።

ወድቆ ነበር። ደረጃው ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ራሱን የብረቱ መደገፊያ መትቶት። አስምሏታል። "'ከነገርሻት መራመዱን ታስቆመኛለች፣ እኔ ከወጣሁ ደግሞ አራት ሰው ነው የሚቀራት' አለኝ፣ እትዬ። 'ቁጥሩ ይጎድልባታል' አለኝ። ስንት ቀን ልነግርሽ አፌ ላይ መጥቶ..." አለች።

አራት ሰው ነው የሚቀራት።

አሁን የጭንቅላት መመርመሪያው ማሽን ውስጥ ነው። ሲያስገቡት ከወለሉ ላይ ነጩን መስመር ፈልጎ እግሩን ሊያስተካክል ሞከረ። መስመር የለም፣ አባዬ።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ራስ ቅሉና አንጎሉ መካከል ደም ተጠራቅሟል። በአንድ ቀን የፈሰሰ አይደለም፤ ጠብ ጠብ እያለ፣ ሳምንታት የወሰደ ነው። ቀዶ ሐኪሟ "መቼ ነው የወደቁት?" አለችኝ። ቀኑን ነገርኳት። የተሣለበትን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ መካከል ነው አልኩ።

ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "እንዲህ ከነቀኑ ጽፎ የመጣ ቤተሰብ አይቼ አላውቅም" አለች። ከዚያ ወረቀቱን ደግማ አየችውና፣ "ታዲያ እስካሁን ለምን ቆያችሁ?" አለች።

ሳጥን እየሠራሁ ነበር ልበላት?

ማክሰኞ

ጠዋት ነው ያስገቡት። ሁለት ቀዳዳ ከፍተው ደሙን ያስወጡታል። ቀላል ነው ይላሉ፣ በጊዜው ቢሆን። "በጊዜው ቢሆን" ያለው ረዳት ሐኪሙ ነው፤ እንደሰማሁት ሲያውቅ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እህቴ ከጎኔ አለች። ያላለቀ ቀሚስ ይዛ መጥታ በእጇ ትዘመዝማለች። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም፤ እኔም እሷን። ማን ማንን ይወቅሳል? አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ዐሥሩን ሜትር ቤት ውስጥም ይለማመድ ነበር፣ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "ከአልጋው እስከ በሩ ሦስት ሜትር ከሩብ ነው ብሎ ለክቶ፣ ሦስት ጊዜ ይሄደዋል። 'ሩቡን በልብሽ ጨምሪልኝ' ይለኛል። እንዳላሳፍራት ይላል።"

ይሄን ከሰማሁ በኋላ ምን ይሻለኛል።

እግዜርዬ፣ አንድ ሰው ነው የምለምንህ። ሠላሳ አልልህም።

ረቡዕ

ወጥቷል። ይተነፍሳል። አልነቃም።

ኃላፊው መልእክት ልከዋል፤ "አባትሽን እግዜር ይማራቸው። ነገ ሥዕሉን አትርሺ።"

ሐሙስ

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት ሹፌሩንና ዳቦ ጋጋሪዋን ብዬ ነው፣ ምናልባትም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ፊቱን ማየት ከብዶኝ።

ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ሰው፣ ግድግዳ ላይ ነጭ ሸራ። የአርባ ሁለቱን ሳጥን አሳየሁ። ከጎኑ አራት ነጥብ። ለአንድ ሰው አንድ ነጥብ፣ የመጨረሻ ልኩ ብቻ። የአባዬን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ የትኛውን ቁጥሩን ልጻፍለት? 13.8ን? 26.4ን?

"ሳጥኑስ?" አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸው ተለዋውጦ።

"ሳጥን የለም" አልኩ። "አንተ" ብዬ "ያየኸው" ልላቸው ምንም አልቀረኝም፤ "ያዩት ሳጥን የአምስት ሰው ነው። ደጋግሜ ለክቼ ሠላሳ አንድ አስመስዬዋለሁ። አምስተኛው ሰው ሲለካ እየታመመ ነበር፣ ሳጥኑም እኔም አላየነውም።"

አንዲት ሴትዮ፣ ከዳር የተቀመጠች፣ "አራቱ ግን ፈጥነዋል፣ አይደለም?" አለች።

"ፈጥነዋል። በአራት ሰው ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልናገርም።"

አመሰገኑኝ። ኮሪደር ላይ አስቆዩኝ። መደርደሪያዎቹ አጠገብ ቆምኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። የመራመጃ ክፍሉ ከሰኞ ጀምሮ የካርድ ማከማቻ ነው። ሃያ ሰው ካገኘሁ በሚመጣው ዓመት ማመልከት እችላለሁ። ኃላፊው በአጠገቤ ሲያልፉ "አንገቴን አስደፋሽኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ

ነጩን ፕላስተር ከወለሉ ላይ ላጥሁት። በረጅሙ አልመጣ ብሎ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወጣ። "ይቅርታ" የምንለው ሰውዬ ሳይነገረው መጥቶ ነበር፤ ክፍሉን አየ፣ እኔን አየ። "ይቅርታ" አለ ቀስ ብሎ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ በቦታዋ ሰምቻት አላውቅም ነበር። አቅፌው አለቀስኩ።

ሲስተር ከእኔ ጋር ሆና ኮሪደሩ ዳር፣ ከመደርደሪያዎቹ ማዶ፣ አዲስ ፕላስተር ለጠፈች። ዐሥር አልሞላም። ስምንት ነው። ከልካይ እስኪመጣ ድረስ ይሁን።

ማክሰኞ

አባዬ ነቃ። ግራ እጁ አይታዘዝም፣ ግራ እግሩም እንደዚያው፤ ይመለስ አይመለስ አይታወቅም፣ ቀዶ ሐኪሟም ቃል አልሰጠችም። አንደበቱ ግን አለ። ጭንቅላቱ ተላጭቶ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ ቆየና፦

"እህትሽ ነገረችኝ" አለ። "አሥራ አንድ ሰው አድርገሽ ጽፈሽኝ ነበር አሉ።"

ጉልበቱ ላይ ግንባሬን አደረግሁ። "አዎ፣ አባዬ።"

"አሁንስ?"

"አንድ። አንድ ነህ።"

ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰለኝ።

"እኔ አንዱም ከብዶኛል" አለ።

ከዚያ ብርድ ልብሱን በደህናው እጁ ገፈፈና ቀኝ እግሩን ከአልጋው ወደ ታች አወረደ። ግራውን እኔ አወረድኩለት።